ከመነዳሪም ዜና ነው

ኮምቦልቻ ሲባል የእኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ብዕር የሚሮጠው በ2009 ዓ.ም. ወደተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። እኔ ግን እስቲ ስለ አንዲት ቁራጭ ጎማ ልጻፍ።

ቤት ውስጥ የተሠራ ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚታዘዝ እንጨት መቅረጫ ማሽን፣ ብናኝ ከገባበት ሐዲዱም ጥርሳም ዘንጉም ያለጊዜው ይበላል። የሚያድነው ተጣጣፊ መከለያ ነው። ከውጭ እስኪመጣ ከመጠበቅ ልኩን ወስዶ ከአሮጌ ከመነዳሪ መቁረጥ ይቻላል። ብቻ ልብ በሉ፦ ከመነዳሪ ብናኝና ውሃ ይመልሳል፤ የሞተር ዘይት ሲነካው ግን ያብጣል። ዘይት ላለበት ናይትራይል የሚባለው ጎማ ይሻላል።

እንዲህ ያለውን ነገር የጋራዥ ጋሼዎች ከልምድ ያውቁታል። ካልጻፍነው ግን አብሯቸው ይቀበራል። ውድ ጓደኞቼ፣ ከደሴ ታክሲ ይዘን ኮምቦልቻ ብንወርድ ምን አለበት? ሪባን ሲቆረጥ ብቻ ሳይሆን ጎማ ሲቆረጥም እንገኝ እንጂ!