የሚስተካከል አሞርቲዛቶር፦ ለሾፌሩ ወይስ ለኋላ ወንበር?



አዳማ ውስጥ የራሳቸውን ወይም የአባታቸውን መኪና የሚነዱ ወጣት ወንድሞቻችን ደጋግመው የሚያነሱልን አንድ ጥያቄ አለ። ቪትዝ አር.ኤስ.፣ ስዊፍት፣ ጎልፍ ጂ.ቲ.አይ. የመሳሰሉት ፈጠን ያሉ ትናንሽ አውቶሞቢሎች ለሾፌሩ ደስ ይላሉ። ሆኖም ከአስፋልቱ ወርደው ኮብልስቶኑ ላይ ሲወጡ ጥርስ ያንቀጫቅጫሉ፤ እናት ከኋላ ተቀምጣ ወገቧን ትይዛለች። «የሚስተካከል አሞርቲዛቶር ብናስገባ ይለሰልስልናል? የትኛውንስ እንምረጥ?» ይሉናል።

ጥያቄው ወቅታዊ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆና አድሶ ማቆየት የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል። ገንዘቡም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ብንመለከተው መልካም ነው።

መካኒኮቻችን ከጣልያንኛ በወረሱት ስም አሞርቲዛቶር፣ የመለዋወጫ ነጋዴዎች ደግሞ ሾክ አብዞርበር የሚሉት ዕቃ የመኪናውን ክብደት አይሸከምም። ክብደቱን የሚሸከመው ሞላው ነው፤ በጭነት መኪና ላይ ደግሞ ባሌስትራው። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ሞላው ይጨመቃል፣ ከዚያም ይለቀቃል፤ የሚያበርደው ከሌለ ሽቅብና ቁልቁል መዝለሉን አያቆምም። አሞርቲዛቶር ይህን ዝላይ ይገታል። በውስጡ ዘይት አለ፤ ፒስተኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች እየተገፋ ያልፋል፣ ንቅናቄውም ወደ ሙቀት ይለወጣል። «የሚስተካከል» የሚባለው የዚህን ዘይት መተላለፊያ የሚያጠብና የሚያሰፋ ብሎን ያለው ነው። እንግዲህ ብሎኑን ማዞር መኪናውን ከፍ አያደርገውም፤ አምስት ሰው ሲጫን ወደ ኋላ የሚቀመጥ መኪናም በእርሱ አይነሣም። የደከመ ሞላ መድኃኒቱ ሌላ ሞላ ነው።

ነገሩ አዲስ ግኝትም አይደለም። ቶዮታ ሶረር በተባለው መኪናው ላይ የአሞርቲዛቶሩን ጥንካሬ በኤሌክትሮኒክ የሚቀይር ሥርዓት ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1983 ነበር።

ምቾትስ ምንድን ነው? ብዙ ሰው ልስላሴ ይመስለዋል። የሰው ገላ ሽቅብና ቁልቁል ሲነቀነቅ ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ በሚሆነው መንቀጥቀጥ ነው። በሰከንድ ከግማሽ ጊዜ በታች የሆነው ዘገምተኛ ውዝዋዜ ደግሞ ጀልባ ላይ እንዳለ ሰው ያቅለሸልሻል። የቤተሰብ መኪና ሞላ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ከ1 እስከ 1.5 ጊዜ እንዲወዛወዝ ሆኖ ይሠራል፤ ይህም ሰው በእግሩ ሲሄድ ገላው ከለመደው ምት ብዙ አይርቅም። የስፖርት መኪናው ከዚያ ከፍ ይላል። እናም በዴራና በኢተያ አድርጎ ወደ አሰላ በሚወጣው መንገድ ላይ ሕፃናቱን የሚያስመልሳቸው ሁልጊዜ የመኪናው ጥንካሬ አይደለም፤ አሞርቲዛቶሩ አልቆ መኪናው በየመታጠፊያው ስለሚዋልልም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን መኪና «ለስላሳ ነው» ብሎ የሚያመሰግን ሾፌር አይጠፋም። ነገር ግን ድንገት ፍሬን ሲይዝ አፍንጫው ይደፋል፣ ጎማው አስፋልቱን በሚገባ አይጨብጥም፣ መቆሚያው ርቀትም ይረዝማል። ያ ርቀት ደግሞ መንገድ የሚሻገር የሰው ልጅ ሊኖርበት ይችላል።

በመሆኑም ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ያለውን እንመርምር። የመኪናውን ጥግ በኃይል ወደ ታች ተጭነን ስንለቀው አንዴ ተነሥቶ መርጋት አለበት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወዛወዘ አሞርቲዛቶሩ አልቋል። በአካሉ ላይ ዘይት መንጠባጠቡን፣ ጎማው እዚህም እዚያም ጎድጎድ እያለ መበላቱን እንይ። አምራቾች ከ80,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ እንዲመረመር ይመክራሉ፤ በኛ ጠጠርና አቧራ ግን ቀደም ብሎ ማየት ይሻላል። የ«ኳ ኳ» ድምፅ ከሰማን ደግሞ ጥፋቱ የአሞርቲዛቶሩ ሳይሆን ያለቀ ጎሚኒ ወይም ቴስቲና ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ ርካሽ ናቸው።

ከሁሉ በፊት ግን ጎማ! ለውበት ሲባል ትልቅ ቸርኬና ስስ ጎማ የተገጠመለት መኪና የሚያንቀጠቅጠው ባብዛኛው በዚያ ምክንያት ነው፤ ንዝረቱን በመጀመሪያ የሚውጠው የጎማው አየር ነውና። ወደ ፋብሪካው ልክ መመለስ ከማንኛውም የሚስተካከል አሞርቲዛቶር ይልቅ ያለሰልሳል። የአየሩ ልክ የሚታየው ደግሞ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ ለምሳሌ ከሱብሒ ሶላት መልስ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር የጎማው ግፊት ከ1 እስከ 2 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ስለሚጨምር፣ የአዳማ የቀትር ፀሐይ ላይ የተለካ ልክ ያሳስታል። ጎማው ተልጦ ሳለ በአሞርቲዛቶር ብሎን የሚኮራ ወንድማችን ካለ፣ ይህ ኢስራፍ ነው ብንለው አይቀየመንም።

ይህ ሁሉ ታይቶ ከሆነ ወደ ምርጫው እንግባ። የሚስተካከለው በእርግጥ የሚጠቅመው ሁለት ዓይነት ኑሮ ላለው መኪና ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ አንድ ሰው ብቻ ይዞ በ2007 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ይመላለሳል፤ ዒድ ሲደርስ ደግሞ ቤተሰቡን ከነዕቃው ጭኖ በመቂና በባቱ አድርጎ ወደ ሻሸመኔ ይወርዳል። ለዚህ ብሎኑን ጥቂት ማጥበቅና ማላላት ትርጉም አለው። መኪናው ዓመቱን ሙሉ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ገበያ ብቻ ከሆነ ግን ጥሩ የካያባ ወይም የቶኪኮ ተራ አሞርቲዛቶር ይበቃዋል። የተረፈው ገንዘብ ጎማ ይገዛል።

የምንገዛ ከሆነ ሻጩን አጥብቀን የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ብሎኑ የሚያስተካክለው መጨመቁን ነው፣ መልሱን ነው ወይስ ሁለቱን? የሆላንዱ ኮኒ ቢጫ ስፖርት የሚያስተካክለው መልሱን፣ ማለትም የተጨመቀው ሞላ ተመልሶ የሚዘረጋበትን ፍጥነት ነው፤ የካያባ ኤ.ጂ.ኤክስ. ደግሞ በአንድ ብሎን ሁለቱንም ይቀይራል። ሁለተኛው፣ ሳይፈታ ከላይ ይዞራልን? አንዳንዶቹ ከመኪናው ወርደው እስከ መጨረሻው ካልተጨመቁ አይዞሩም፤ ለዒድ አጥብቆ ከዒድ በኋላ ለማላላት ላሰበ ሰው ይህ የማይሆን ነው።

የመልሱን ነገር ጠለቅ ብለን እንየው፤ ብዙ ወጣት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። መልሱ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ጎማው ጉድጓዱን አልፎ በቶሎ አይዘረጋም። እንደ ቆርቆሮ በተሸነሸነ የጠጠር መንገድ ላይ የፊተኛው ጉብታ ሳያልቅ የኋለኛው ይደርሳል፤ ሞላው እየተጨመቀ ይቀራል፣ መኪናው ዝቅ ይላል፣ በመጨረሻም በማቆሚያው ጎማ ላይ ይቀመጣል። ያኔ ሾፌሩ «ጠነከረ» ብሎ ይበልጥ ያጠብቃል! መፍትሔው ተቃራኒው ነበር።

ስለ አሠራሩም አንድ ነገር። ባለ አንድ ቱቦው፣ እንደ ቢልስታይን ያለው፣ በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ናይትሮጅን አለው፤ ዘይቱ ከውጭው አየር የሚለየው በአንድ ብረት ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከአሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ወዳለችው መተሐራ ሙቀት ለሚወርድ ሰው ይህ ጥቅም ነው፤ የጋለ ዘይት ይቀጥናል፣ አረፋ ይሠራል፣ መግታትም ያቅተዋል። ነገር ግን ድንጋይ ተፈናጥሮ ያንን አንዱን ቱቦ ካጎደጎደው ፒስተኑ ይታነቃል። ባለ ሁለት ቱቦው ውጫዊ አካሉ ቢጎዳም ብዙ ጊዜ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ጉዞውም ለስለስ ይላል። ከአስፋልት ለሚወጣ የቤተሰብ መኪና እኛ የምንመርጠው ዝቅተኛ ግፊት ያለውን ባለ ሁለት ቱቦ ነው።

ቁመቱን ዝቅ የሚያደርገውን ዓይነት ግን አንመክርም። መኪናው ሲያጥር ሞላው የሚጨመቅበት ስፍራ ይጠባል፤ ከወለንጪቲ እስከ አርሲ ነገሌ በየከተማው መግቢያ ባሉት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ላይ ሆዱ ይፋቃል፣ የመብራቱም አቅጣጫ ይዛባል። መንገደኛ ዘወር ብሎ እንዲያይ ሲባል አያትን ማሳመም ከሪያእ የራቀ አይመስለንም።

ስለ ገበያው ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። ዘይቱ ያለቀ አሮጌ አሞርቲዛቶር ታጥቦና ቀለም ተቀብቶ «አዲስ ነው» ተብሎ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ እርጥበት አግኝተው ሻጩን የገሠጹበት ታሪክ በሁላችንም ዘንድ የታወቀ ነው፤ የተቀባው ቀለም ከላይ እንዳለው ደረቅ እህል ነው። በፊቅህ የተደበቀ ጉድለት ያገኘ ገዢ ዕቃውን የመመለስ መብት አለው፣ ኺያሩል ዐይብ ይባላል። ገዢውም በበኩሉ ዘንጉን እስከ ታች ይጨመው፤ አካሄዱ ያለ ክፍተት እኩል ሊሆን ይገባል፣ ዘንጉ መጫር ወይም ዘይት መቋጠር የለበትም። ግዢውም በጥንድ ይሁን፤ ግራው አዲስ ቀኙ አሮጌ የሆነ መኪና ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይስባል።

መግጠሙን ለባለሙያ እንተው። የተጨመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል፤ በክሪክና በገመድ ግቢ ውስጥ የሚሞከር ሥራ አይደለም። ከተገጠመ በኋላ የጎማ አላይመንት ይታይ።

ከዚያ ማስተካከሉ ይቀጥላል። አራቱንም በጣም ወደላላው ልክ እናምጣ። አስፋልትም ኮብልስቶንም ጉብታም ያለበት አንድ አጭር መንገድ መርጠን፣ በተመሳሳይ ፍጥነት እየነዳን፣ በየጊዜው አንድ እርከን ብቻ፣ ግራና ቀኙን እኩል እናጥብቅ፤ በወረቀትም እንጻፈው። መኪናው ከጉብታ በኋላ አንዴ ተነሥቶ የረጋበት ልክ ላይ እንቁም፤ ከዚያ ማለፍ ለቤተሰብ አያስፈልግም። ሙሉ ጭነት ሲኖር የኋላውን ብቻ አንድ ሁለት እርከን መጨመር ይቻላል። በላላው ልክ ላይም እያለ የሚያንገጫግጭ ከሆነ ጥፋቱ የሞላው ወይም የጎማው ነውና ብሎኑን አናድክመው። አቧራ ብሎኑን እንዳያደርቀው ክዳኑ አይጣል።

ፈተናውን ሾፌሩ ብቻውን አይፍረድ። መሪ የያዘ ሰው ጉብታውን አስቀድሞ ስለሚያየው ገላው ይዘጋጃል፤ ከኋላ የተቀመጠው አያየውም። ስለዚህ ወንድማችን መሪውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ እናቱ በምትቀመጥበት ቦታ ይቀመጥና ያንኑ መንገድ አንዴ ይሂድበት፤ የእርከኑን ቁጥር ከዚያ በኋላ ይጻፍ።