«መውደቁ አይቀርም» የሚባለው ጥርስ

የልጅ የወተት ጥርስ ተቦርቡሮ ሲታይ በየቤቱ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቃል «ተወው፣ መውደቁ አይቀርም» የሚል ነው። የወለቀ ጥርሳችንን ጣሪያ ላይ እየወረወርን ላደግን ሰዎች አባባሉ እውነት ይመስላል። እኔ ግን ከመነሻው የተሳሳተ ነው እላለሁ፤ ጥርሱ ብቻውን አይደለምና።

ከወተት መንጋጋ ጥርስ ሥሮች መካከል፣ በአጥንቱ ውስጥ፣ ተተኪው ቋሚ ጥርስ በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ያድጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በሚሊሜትር የሚቆጠር ነው። የወተት ጥርሱ ነርቭ በመበስበስ ሲሞት ብግነቱ በሥሩ በኩል ወደዚያው ይወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ ውጤቱ መግል ነው። አልፎ አልፎ ግን ጥርሱ ሲፈጠር በሥሩ ዙሪያ የተረፉ ሕዋሳት በብግነቱ ተቀስቅሰው ይራባሉ፤ ወይም የቋሚው ጥርስ ሽፋን ከጥርሱ አናት ይላቀቅና በመካከሉ ፈሳሽ ይጠራቀማል። በፈሳሽ የተሞላው ይህ ከረጢት ሲስት ይባላል። ተማሪዎች በባዮሎጂ ክፍል የምታውቁት ኦስሞሲስ እዚህ በሥራ ላይ ነው፤ ከረጢቱ ከአካባቢው ውኃ እየሳበ ያብጣል፣ አጥንቱን ያሳሳል፣ ቋሚውንም ጥርስ ከመንገዱ ገፍቶ ያስወጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን ልጁ ላያመው ይችላል! ብዙ ጊዜ ምስጢሩን የሚያወጣው ራጅ ነው። ስለዚህ የሞተ የወተት ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ከሥሩ በታች ያለው አጥንት በራጅ ቢታይ ትርፍ ወጪ ነው አልልም።

ሲስቱ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ሌላ ችኮላ ይመጣል፤ ከረጢቱን ከነቋሚው ጥርስ ጠርጎ ማውጣት። በአንድ ቀን ያልቃልና ያጓጓል። ይሁንና ጀርመናዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ካርል ፓርች እ.ኤ.አ. በ1892 ሌላ መንገድ ጽፎ ነበር፦ ከረጢቱን በመስኮት ከፍቶ ወደ አፍ እንዲፈስ ማድረግ። ዛሬም በልጆች ላይ የታመመው የወተት ጥርስ ተነቅሎ ይኸው ይደረጋል። ከሽፋኑ የተቆረጠው ቁራጭም በማይክሮስኮፕ መመርመር አለበት፤ በራጅ ሲስት የሚመስሉ ሌሎች እብጠቶች አሉና።

ዘዴው ለወራት መመላለስን፣ ቀዳዳውን ደጋግሞ ማጠብን ይጠይቃል፤ ከሩቅ ለሚመጣ ቤተሰብ ቀላል አይደለም። ቢሆንም ግፊቱ ሲቀንስ የልጅ አጥንት ክፍተቱን መልሶ ይሞላል፤ ተገፍቶ የነበረውም ጥርስ ብዙ ጊዜ በራሱ ኃይል ወደ ቦታው ይወጣል።