ፑንቲናውን አይጣሉት

ዛሬ የማወጋዎ ስለ አንዲት በጣም ትንሽ ዕቃ ነው። መጠኗ ከአውራ ጣት እምብዛም አይበልጥም፤ ዋጋዋም ከሌላው የመኪና ዕቃ ጋር ሲተያይ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ዳሩ ግን ከአየር ጤና እስከ ጦር ኃይሎች ባለው መንገድ ላይ ስንቱን ሰው ከሥራው ያስቀረች፣ ስንቱንም በክረምት ዝናብ መኪና ያስገፋች እሷ ናት። ስሟ ፑንቲና ይባላል፤ የምትኖረውም በቮልስዋገን ሞተር ውስጥ ነው።

በእኛ በኮልፌ ቀራንዮ ቮልስ የጌጥ ዕቃ አይደለችም። በአውሮፓና በአሜሪካ እንዲህ ያለች አሮጌ መኪና ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ሸፍኖ ያስቀምጣትና በበዓል ቀን ብቻ ያወጣታል። እዚህ ግን ቮልስ የቤቱ ሠራተኛ ናት፤ ጧት ልጆች ታደርሳለች፣ ቀጥላ መርካቶ ትወርዳለች፣ ማታ ጤፍ ጭና ትመለሳለች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው በወረዱ ዕለት ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን እንደ ነበረ ብዙ ሰው ያውቃል። በዚያ ዘመን የተገዙት እኅቶቿ ዛሬም 18 ማዞሪያን ይዞራሉ። ፋብሪካው ግን ከ21 ሚሊዮን በላይ ከሠራ በኋላ የመጨረሻዋን በሜክሲኮ አገር፣ በፑዌብላ ከተማ፣ ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. አውጥቶ ሥራውን ዘግቷል። እኛም አገር በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከልክሏል። እንግዲህ ቮልስዎ ከሞተች መተኪያዋ ከቀድሞው ይልቅ ርቋል ማለት ነው።

የፑንቲና ስም ጣሊያንኛ ነው፤ ካንዴላም፣ ቦቢናም፣ ፍሬንም፣ ፍሪሲዮንም እንዲሁ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ቃላቱን በየጋራዡ ጥሎልን ሄደ። የሥራዋ ነገር እንዲህ ነው። ባትሪው የሚሰጠው 12 ቮልት ብቻ ነው፤ በካንዴላው አፍ ላይ ብልጭታ ዘሎ ቤንዚኑን እንዲያቀጣጥል ግን ከ10,000 ቮልት በላይ ያስፈልጋል። ይህን የሚያበዛው ቦቢናው ሲሆን፣ ቦቢናው ግን በራሱ ምንም አያደርግም፤ የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ በድንገት መቋረጥ አለበት። እኔ የፊዚክስ መምህር ስለ ሆንኩ ይህን ለተማሪዎቼ የማስረዳው በቧንቧ ውኃ ነው። ውኃው በኃይል እየወረደ ሳለ በድንገት ቢዘጉት ቧንቧው ከግድግዳው ውስጥ «ጓ!» ይላል፤ ለአንድ አፍታ በውስጡ ያለው ግፊት ከወትሮው እጅግ ይበልጣልና። ፑንቲናዋም ያንን የኤሌክትሪክ ቧንቧ የምትዘጋ እጅ ናት። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እሷ በእያንዳንዷ ሴኮንድ 100 ጊዜ ትከፈታለች፣ 100 ጊዜም ትዘጋለች። ከኮልፌ መርካቶ ደርሰው እስኪመለሱ ስንት ጊዜ እንደ ሆነ እርስዎ ያስሉት።

ይህን ያህል የሚሠራ ነገር ሳያልቅ አይቀርም። ሁለቱ የብረት ፊቶች በተለያዩ ቁጥር ትንሽ እሳት ይዘላል፤ ከጊዜ በኋላ በአንደኛው ላይ ጉብታ፣ በሌላው ላይ ጉድጓድ ይወጣል። ዘንጉ ላይ የምትፋተገው ተረከዟም ትሳሳለች። በዚህ ጊዜ 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን ያለበት ክፍተት ይጠብባል፤ ክፍተቱ ሲጠብ ብልጭታው ይዘገያል፤ ብልጭታው ሲዘገይ ሞተሩ ይግላል። ቮልስ ደግሞ ራዲያተር የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በነፋስ ብቻ ነው። የአዲስ አበባ ከፍታም አለ። ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆንን አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ካርቡሬተሩ ለዚህ ካልተስተካከለ ቤንዚኑ ይበዛና ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ብርቱ ብልጭታ ጥላሸቱን እንደ ምንም ያልፈዋል፤ የደከመው ግን እዚያው ይቀራል።

ክፋቱ፣ የፑንቲና በሽታ የሌላ በሽታ መምሰሉ ነው። አንድ የጨርቅ ነጋዴ ጎረቤቴ ቮልሳቸው ዳገት ላይ መደናቀፍ ስትጀምር ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዷት። መጀመሪያ ካንዴላ ተለወጠ፤ ቀጥሎ ካርቡሬተር ተለወጠ፤ በመጨረሻም «ሞተሩ መውረድ አለበት» ተባሉ። ሰውዬው ገንዘብ ፍለጋ ሳሉ መኪናይቱ አጠና ተራ አጠገብ ቆመችባቸው። ከመንገድ ዳር ጎማ የሚጠግን ልጅ መጣና የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍቶ ተመለከተ። ፊቶቹን በብርጭቆ ወረቀት አሻሸ፤ ከሲጋራ ፓኮ የቀደዳትን ካርቶን መለኪያ አድርጎ ክፍተቱን አስተካከለና «ጋሼ፣ እስቲ አስነሷት» አለ። ተነሣች። ልጁ የጠየቀው የሻይ ብቻ ነበር።

አሁን ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያስቀር ዕቃ አለ ይባላል፤ እውነትም አለ። በፑንቲናዋ ቦታ የሚገባ ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ነው፤ ስመ ጥሩው የአሜሪካው ፐርትሮኒክስ ሲሆን ሌሎችም አሉ። ዘንጉ ላይ ማግኔት ያለበት ቀለበት ይጠለቅና ማግኔቱ ባለፈ ቁጥር ዕቃው ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል። የሚነካካ የለም፤ ስለዚህ የሚፋተግ የለም፣ የሚቃጠል ፊት የለም፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መለካትም የለም። ዘንጉ በእርጅና የላላ ዲስትሪቢዩተር ላይ ጥቅሙ ይበልጥ ይታያል፤ ፑንቲና በላላ ዘንግ ላይ ፈጽሞ አትረጋምና። ሻጮች «ጉልበት ይጨምራል፣ ቤንዚን በግማሽ ይቀንሳል» ሲሉ ግን ፈገግ ብለው ይለፏቸው። በደንብ የተስተካከለች ፑንቲና በከተማ ፍጥነት ከዚህ ዕቃ የሚያንስ ሥራ አትሠራም። ልዩነቱ እሷ ቀስ በቀስ ከመስመር መውጣቷ፣ እሱ ግን አንድ ጊዜ በተስተካከለበት መቆየቱ ነው።

ይግዙት ወይ? መኪናዎን በየቀኑ የሚነዱ ከሆነ እኔ ይግዙት እላለሁ። ነገር ግን አንድ ጉዳይ አለ፤ ሰዎችም ሲገዙ የማያስቡት ይህንኑ ነው። ፑንቲና ስትሞት አስቀድማ ታስታውቃለች፤ ጧት ለመነሣት ታንገራግራለች፣ ዳገት ላይ ትደናቀፋለች፣ ሳምንትና ሁለት ሳምንት ጊዜ ትሰጣለች። የኤሌክትሮኒኩ ዕቃ ግን ከሞተ ብዙውን ጊዜ ሳይናገር ይሞታል። ያ የአጠና ተራ ልጅ ክዳኑን ቢከፍት የሚያየው በፕላስቲክ የታሸገ ጥቁር ነገር ነው፤ አይፈታም፣ አይሻሽም፣ አይጠገንም። መተኪያው ሱማሌ ተራ ካልተገኘ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። ስለዚህ የወጣችውን ፑንቲና ከነኮንደንሰሯ በጨርቅ ጠቅልለው ከአንዲት ካቻቢቴ ጋር ከፊት ባለው ኪስ ያኑሯት። ቦታዋ አልተነካም፤ የያዛትም አንድ ብሎን ነው። ያ ልጅ በሩብ ሰዓት ይመልሳታል፤ እርስዎም ቤትዎ ይገባሉ።

ከመግዛትዎ በፊት ግን ሽቦዎቹን ይመርምሩ። በክረምት ጧት እንቢ የምትል ቮልስ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፑንቲናዋ ሳይሆን የተሰነጠቀ የዲስትሪቢዩተር ክዳን ወይም እርጥበት የጠጣ የካንዴላ ሽቦ ነው። በደረቅ ጨርቅ ጠርገዋት ከተነሣች ገንዘብዎን ክዳንና ሽቦ ይግዙበት። ቦቢናውም ይለካ፤ ለባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ከ3 ኦም ያነሰ ቦቢና ዕቃውን ሊያቃጥለው ይችላል። በቦቢናው ራስ ላይ 15 እና 1 የሚሉ ቁጥሮች ያያሉ፤ ቀዩ ሽቦ 15 ላይ፣ ጥቁሩ 1 ላይ ይታሰራል። መካኒኩ ይህን ለመሥራት ከመነሣቱ በፊት የባትሪውን ሽቦ ካልፈታ እጁን ይያዙት።

ከታሰረ በኋላ የብልጭታው ጊዜ እንደገና መስተካከል አለበት፤ ይህንንም «በጆሮዬ አውቀዋለሁ» ለሚል ሰው አይስጡ። ከሞተሩ ጋር እየበራ የሚጠፋው ልዩ መብራት ያለው ጋራዥ ይፈልጉ። ልኩ እንደ ሞተሩና እንደ ዲስትሪቢዩተሩ ዓይነት ስለሚለያይ የዲስትሪቢዩተሩን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ይዘው ይሂዱ። ሌላው ጠንቅ ቁልፍ ነው። ነዳጅ ለመቅዳት ተሰልፈው ሳለ ሬዲዮ ለመስማት ቁልፉን አዙረው ሞተሩን ሳያስነሱ አይቀመጡ፤ ዕቃው ግሎ ሊቃጠል ይችላል። መኪናዎን ለሚያጥበው ልጅም ይንገሩት። ባትሪው በጣም ከደከመም ዕቃው ጨርሶ ሥራውን ስለሚተው ቁልቁለት ላይ አቁሞ ጧት ገፍቶ ማስነሣት እንደ ዱሮው አይሆንም፤ ቁልቁለት የለመዱ የቀራንዮ ሰዎች ይህን ይወቁት።

የ6 ቮልት ቮልስ ላላችሁ አንድ ቃል ልጨምር። እ.ኤ.አ. እስከ 1966 ድረስ የተሠሩት አብዛኞቹ ባለ 6 ቮልት ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ከተሠሩት የ1200 ሞተር ካላቸውም እንዲሁ የሆኑ አሉ። ዕቃው ለ6 ቮልትም ለብቻው ይሠራል፤ ገበያ የሚበዛው ግን የ12ቱ ነውና ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁ ባትሪያችሁን ከፍታችሁ አሳዩት፤ ሦስት የውኃ ቀዳዳ ካለው 6 ቮልት ነው፣ ስድስት ካለው 12።