መጀመሪያ ይታጠብ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ መኪና ጭረት ነው። "ቲቸር ደግሞ የሚጽፈው አጣ" እንዳትሉኝ። እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ ፍረዱ።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ እንጅባራ፣ ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው አስፋልት ዳር መኪናዬን አቁሜ ዳቦ ልገዛ ገባሁ። ስወጣ ሰው ከቧታል። ከፊት በር እስከ ኋላ በር ድረስ ረጅም ሰማያዊ መስመር ተሰምሮባታል። አንድ ወጣት ባጃጁን ጥግ አስይዞ በዝናብ ቆሟል። ሲያየኝ ወደ እኔ መጣና "ቲቸር፣ እኔ ነኝ የነካሁት፤ አንሸራቶኝ ነው" አለኝ። አስተምሬዋለሁ። ስሙን አልጠራም። ይህን ከመለጠፌ በፊት አሳይቼው "ይጻፉት" ብሎኛል።

እውነቱን ልናገር፣ ደሜ ፈላ። ለምን እንደሚፈላ መኪና ያላችሁ ታውቃላችሁ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ ተባለ። እንግዲህ እንደ እኔ አይነቷ አሮጌ መኪና እንኳ ዛሬ እንደ ቤት ነው የምትታየው። በመምህር ደሞዝ፣ በእቁብና በብድር ያገኛችኋት ነገር ስትጫር የተጫራችሁት እናንተ ይመስላችኋል።

ሰው ደግሞ አያበርድም። አንዱ "ሁለቱም በር ነው የሚቀባው" አለ። ሌላው "ቀለሙ አይገጥምም፣ ጎኗ በሙሉ ነው" አለ። አንዱማ የሚያውቀው ጋራዥ ደውሎ "14 ሺህ ብር ብለዋል" አለን። መኪናዋን ሳያዩ! ልጁ ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ አንድ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ የኋላው በር ግርጌ ላይ ያለች ሌላ ጭረት አሳየና "ይቺንም አስገቧት" አለ።

ያቺን ጭረት ያወጣኋት እኔ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ከግቢዬ ስወጣ ከአጥሩ ቆርቆሮ ጋር አሻሽቻት ነው። አውቄያለሁ። ግን ዝም አልኩ።

ስንት ሰከንድ እንደሆነ አላውቅም፤ ዝም ማለቴን ግን አውቃለሁ። ልጁ ማምለጥ ይችል ነበር። ዝናብ ነው፣ ባጃጅ ደግሞ ሁሉም መልኩ አንድ ነው፣ ማን ያገኘዋል? እሱ ግን ቆሞ ጠበቀኝ። ጥፋትን ማመን እንዴት ያለ ክብር እንደሆነ ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት የለፈለፍኩት እኔ፣ የራሴን ጭረት እሱ ላይ ሲደምሩበት እያየሁ አፌን ዘጋሁ።

ያዳነን አንድ ሽማግሌ ባትላሜራ ነው። ሲያልፍ አየና ጠጋ ብሎ "መጀመሪያ ይታጠብ። ጭቃ ላይ ዋጋ አይቆረጥም" አለ። በቃ ይቺን ብቻ። ጋራዡ ቅርብ ነበርና ይዞን ሄደ። በውሃና በሳሙና አጠበው፣ አደረቀው፣ ከዚያ ለስላሳ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርጎ ያሽ ጀመር። ሰማያዊው መስመር እየጠፋ ሄደ! "መምህር፣ ይሄ የባጃጁ ቀለም ነው። ያንተ ቀለም ከሥሩ አለ" አለኝ። በመጨረሻ የቀረችው የጣት ርዝመት ያላት፣ ላሜራው የታየባት አንዲት ቦታ ናት። ለዚች ነበር 14 ሺህ ብር ልንቀበል ያልነው።

ከሽማግሌው የተማርኩትን ላካፍላችሁ። የመኪና ቀለም አንድ ሽፋን አይደለም። ከላሜራው ላይ ፕራይመር አለ፣ ከዚያ ቀለሙ፣ ከላይ ደግሞ የሚያበራው ክሊር። ሁሉም ተደምሮ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ ጥያቄው "ምን ያህል ይረዝማል?" ሳይሆን "ምን ያህል ገብቷል?" ነው። መኪናዋ ከታጠበችና ከደረቀች በኋላ ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ አግድም አሳልፉ። ጥፍር ካልያዘ የተጎዳው ክሊሩ ብቻ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በፖሊሽ ይወጣል። ጥፍር ከያዘ ቀለም ይፈልጋል። ላሜራው ከታየ ግን ለነገ አትበሉት።

በተለይ እኛ! የእንጅባራን ክረምት የማያውቅ የለም። የተገለጠ ላሜራ እዚህ ዝናብ ውስጥ ከሰነበተ ዝገቱ ከቀለሙ ሥር ሥር ይሄዳል። ጋራዥ እስክትደርሱ ቦታውን አድርቃችሁ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ብትቀቡት እንኳ ለጊዜው ውሃ ይከለክላል። ዋናው ሥራ ግን ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ንጹሑ ላሜራ መፋቅ፣ ፕራይመር መቀባት፣ ከዚያ ቀለሙ፣ ከዚያ ክሊሩ ነው። ዝገት ላይ ስቱኮ ለጥፎ የሚቀባላችሁን አትመኑት። በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚከበርባት ከተማ ነው ያለነው፣ ይህን ለማስረዳት ብዙ አልቸገርም። ገጣባ ያለው ፈረስ ላይ ያጌጠ ኮርቻ ብትጭኑበት ለተመልካች ያምራል፤ ቁስሉ ግን ከሥር እየሰፋ ነው።

እኔም ያን ቀን ኮርቻ ልጭን ነበር። ሽማግሌው "ይቺስ የኋላዋ?" ብሎ ሲጠይቅ ልጁ አንገቱን ደፋ። ያኔ "እሷ የኔ ናት፣ የቆየች ናት" አልኩ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። ያንን አስተያየት አልረሳውም። ሽማግሌው ለሁለቱም ቦታ ዋጋ ነገረን፦ ለልጁ 900 ብር፣ ለኔ 600 ብር። እሱ የራሱን ከፈለ፣ እኔም የራሴን።

አንዳንዶቻችሁ "ምስኪን ነው፣ ለምን አልማርከውም?" ትላላችሁ። መማር ጥሩ ነው፣ የቻለ ይማር። እኔ ግን የምለው ሌላ ነው። ሒሳቡ ትክክል ይሁን። ያጠፋ ያጠፋውን ይክፈል፣ ከዚያ በላይ አንድ ብር አይጨመርበት። ብዙዎቻችን የነካን ሰው ስናገኝ የአምስት ዓመት ጭረታችንን ሁሉ በሱ ልናስቀባ እንፈልጋለን። ሜታሊክ ቀለም ከሆነ አንዳንዴ እውነትም በሩ በሙሉ ካልተቀባ አይመሳሰልም። ያንን ግን አይቶና አጥቦ ባለሙያ ይበለው እንጂ መንገድ ዳር የቆመ ሰው አይወስን።

ነገሩ ከበድ ካለ ደግሞ ሕግ አለ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን ለእያንዳንዱ ተሽከርካሪ ግዴታ ነው፤ የሰው ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳትም ይሠራል። ትራፊክ ፖሊስ ጥሩና በሥርዓቱ ይሂድ። ለትንሿ ግን ሽማግሌና ሳሙና ይበቃሉ።

"ገጭቶ የሚሮጥ በዛ" ብለን እናማርራለን። ማን አስተማራቸው? ብዙው የባጃጅ ሾፌር የሰው ባጃጅ ነው የሚነዳ። ማታ ለባለቤቱ ገቢ ያስገባል፣ የተረፈችው ናት የሱ። እንዲህ ያለ ልጅ ቆሞ "እኔ ነኝ" ሲል 14 ሺህ ካሸከምነው፣ ሲሮጥ ደግሞ ምንም ካልከፈለ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ምን ያደርጋል? ዳር ቆመው ያዩት ጓደኞቹስ ምን ይማራሉ? እውነት መናገርን ከውሸት ያስወደድነው እኛ ነን።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ መኪናችሁ ስትነካ ሦስት ነገር አድርጉ። ቆሞ የጠበቃችሁን ሰው መጀመሪያ አመስግኑት፤ ከባድ ነው፣ ግን ሞክሩት። ቀጥሎ መኪናዋን እጠቧት። ከዚያ የራሳችሁን ጭረት ከሱ ጭረት ለዩ።

መኪናዋ አሁን ደህና ናት። ጠጋ ብሎ ላየ ሰው የጣት ርዝመት ያላት ቦታ ቀለሟ ትንሽ ይለያል። አላስነካትም፣ እንዲሁ ትኑር።

እናንተስ ገጭታችሁ ወይም ተገጭታችሁ ታውቃላችሁ? እስኪ እውነቱን ጻፉልኝ። የሮጣችሁም ብትሆኑ አልቆጣም።