የዞረ ሒሳብ

ድህነት የአርባ ቀን ዕድል ነው የሚለው አነጋገር በአገራችን ዕድሜ ጠገብ ነው። ደሀ ደሀ የሆነው እንዲያ ስለተጻፈለት ነው ይባልና ነገሩ እዚያው ላይ ይዘጋል። በቅርብ ዘመን ደግሞ የዚህ አነጋገር መንትያ መጥቷል፤ ደሀ ደሀ የሆነው ሰነፍ ስለሆነ ነው የሚል። የመጀመሪያው ጥፋቱን ለሰማይ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ለደሀው ለራሱ። ሁለቱ የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ታሪክን አለመጠየቃቸው ነው። እኔ በዚህች አጭር ጽሑፍ መሟገት የምሻው ከሁለቱም ጋር ነው።

እንጀራዬ ከባንክ ነውና ምሳሌዬን ከዚያው ብወስድ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። አንድ የሒሳብ ገጽ ሞልቶ ወደ ሌላው ሲታለፍ፣ በአዲሱ ገጽ አናት ላይ የሚሰፍረው ቁጥር የዚያን ዕለት ሥራ አይደለም፤ ከቀደመው ገጽ የዞረ ነው። አዲሱን ገጽ ብቻ ያየ ሰው ሒሳቡ ስለምን በጉድለት እንደጀመረ ሊገባው አይችልም። በሞርሲቶ ገበያ ሁለት ጣሳ ስንዴ ይዛ የተቀመጠችውን እናት የሚያይ መንገደኛም እንደዚሁ ነው። የሚያየው የዛሬውን ገጽ ነው።

እንግዲህ ገጹን ወደ ኋላ እንግለጥ።

የሐዲያ ምድር ንግሥት እሌኒን ያበቀለ፣ በዜና መዋዕልና በዓረብ ጸሐፍት መዝገብ ስሙ የሰፈረ አገር ነው። ይህን የምለው የድሮው ዘመን ገነት ነበር ለማለት አይደለም፤ ጦርነትም የባሪያ ንግድም ነበረበት። ሆኖም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሸዋ ጦር ደቡቡን ካስገበረ በኋላ የመሬቱና የሰው ግንኙነት ከሥሩ ተለወጠ። ዋቸሞ የተባለው ስፍራ የበዓል ስም ተሰጥቶት ሆሳዕና ተባለ፤ በየተራራው ራስ ከተማ ተቆረቆረ፤ ለሹሙና ለወታደሩም በደመወዝ ፈንታ ገባር ተቆጠረለት። እንደ ማዕረጉ ለአንዱ ጥቂት አባወራ፣ ለሌላው ብዙ። ገባሩ እህልና ማር ያገባል፤ እንጨት ይፈልጣል፤ አጥር ያጥራል፤ ጭነት ይሸከማል፤ ሚስቱ እህል ትፈጫለች። በገዛ ማሳው ላይ የሚውልበት ቀን ከሌላው ቀን ተርፎ የተገኘ ነው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ጥፋቱ የግብሩ ብዛት ብቻ አልነበረም። ከዚያ የሚከፋው፣ ትጋት ትርጉም ማጣቱ ነው። ብዙ ያመረተ ብዙ ይወሰድበታል፤ ደህና ከብት ያረባ ዓይን ውስጥ ይገባል። እንዲህ ባለ ዘመን ብልህ ሰው ሀብቱን አያሳድግም፤ ይደብቃል። ሰነፍ የምንለው ጠባይ ከየት እንደተማርነው ለማወቅ የሚሻ ከዚህ ይጀምር።

ይህን ያስተዋለ ሰው በጊዜው አልጠፋም ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመላቸው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተሰኘው መጽሐፋቸው፣ የአንድ ሕዝብ ሀብት ምንጩ ሥራና ዕውቀት መሆኑን፣ የገበሬውን ድካም እየበላ የሚኖር ወታደርም አገር እንደሚያደኸይ አስረድተዋል። ሥነ ጽሑፍን የምንወድ ሰዎችም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስናነሣ የሰብለንና የበዛብህን ፍቅር እንጂ የገበሬውን አመፅ እምብዛም አናነሣም። ሀዲስ ዓለማየሁ ግን ፊታውራሪ መሸሻን በአበጀ በለው ፊት ያቆሙት እንዲያው ለጨዋታ አይደለም። የዚያ ልቦለድ ገበሬ የጎጃም ሰው ነው፤ የሚናገረውም አማርኛ ነው። ስለዚህ ነገሩ የብሔር ጠብ አድርገን ብናነበው ስተናል። የሰሜኑም ገበሬ ተገብሯል። ልዩነቱ፣ የጎጃሙ ገበሬ ቢያንስ ርስት የሚለው መሬት ነበረው፤ የደቡቡ ገባር ግን ብዙውን ጊዜ ርስቱንም ተነጥቋል።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ የወጡት የግብር አዋጆች የጉልበት ግዳጁን ሰረዙ። መሬቱ ግን በባለርስቱ እጅ ስለቆየ ትናንት ገባር የነበረው ዛሬ ጭሰኛ ሆነ፤ እስከ ምርቱ ግማሽ የሚያካፍል፣ በማናቸውም ጊዜ ሊነቀል የሚችል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ጭሰኝነትን አጠፋ። መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በዚያች ቀን በእኛ አካባቢ ያልጨፈረ ገበሬ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይመስለኝም። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ ገበሬው እህሉን በመንግሥት ዋጋ እንዲያቀርብ ኮታ ተጣለበት። ከባላባቱ የዳነው እጅ ለመጋዘን ሰፋሪው ተዘረጋ።

ከዚያስ? መሬቱ ተከፋፈለ። አባት ለአራት ልጆች ያካፍላል፤ እነርሱም ለልጆቻቸው። በአንድ ጋሻ፣ ማለትም በ40 ሄክታር ገደማ፣ ይቆጠር የነበረ አገር ዛሬ በጥማድ ክፋይ ይቆጠራል፤ ከግማሽ ሄክታር ያነሰ ይዞታ ያለው ገበሬ ብዙ ነው። እንሰት ደግሞ ፍግ ይፈልጋል፤ ፍግ ከብት ይፈልጋል፤ ከብት ግጦሽ ይፈልጋል። መሬት ሲጠብ ግጦሹ ይጠፋል፤ ግጦሹ ሲጠፋ ከብቱ ያንሳል፤ ከብቱ ሲያንስ እንሰቱ ይከሳል። ለመድረስ ከ4 እስከ 7 ዓመት የሚፈልገው ተክል፣ የተራበ ቤተሰብ ሳይደርስ ይነቅለዋል። በዚያ ላይ የሚያጠወልገው በሽታ ሲጨመርበት የቤቱ ጎተራ ባዶ ይሆናል።

በባንክ መስኮት በኩል ሆኜ የማየው ሌላም ነገር አለ። ለረጅም ዘመን የገጠር መሬት በመያዣነት አይያዝም ነበር። በመሆኑም ባንክ ከገበሬው ቁጠባ ይቀበላል እንጂ ብድር እምብዛም አይሰጠውም፤ የገጠሩ ገንዘብ ወደ ከተማ ሄዶ ፎቅ ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. ተንቀሳቃሽ ንብረትን፣ ከብትንም ጭምር፣ በመያዣነት የሚያስይዝ አዋጅ ወጣ፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም የመጠቀም መብትን ማስያዝ ፈቀደ። ሁለቱም መልካም ጅምሮች ናቸው። የመቶ ዓመት ጉድለት ግን በአንድ አዋጅ አይሞላም።

ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ነው፤ ዛሬን ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖራል። ለእርሱ ከሩቅ አገር ምሳሌ ልጥቀስ። ስፔኖች በፔሩና በቦሊቪያ ተራሮች ከ1573 እስከ 1812 እ.ኤ.አ. ሚታ የተባለ የግዳጅ ሥራ ሥርዓት ነበራቸው፤ በተወሰኑ አውራጃዎች ከአዋቂ ወንዶች ሰባት አንዱ ወደ ማዕድን ጉድጓድ ይላክ ነበር። ሜሊሳ ዴል የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁር በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ግዳጁ በነበረበትና ባልነበረበት ወሰን ግራና ቀኝ ያሉትን ቤተሰቦች አነጻጸሩ። ግዳጁ ከቀረ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላ ተቃርቦ እንኳ፣ ግዳጁ በነበረበት ወገን ያሉት የቤተሰብ ፍጆታቸው ሩብ ያህል ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ሥርዓት ይሞታል፤ የዞረው ሒሳብ ግን አብሮት አይቀበርም።

እዚህ ላይ ብዕሬን ባስቀምጥ ለእኛ ደስ የሚል ጽሑፍ በሆነ ነበር፤ ጥፋቱ ሁሉ የሌላ ይሆናልና። ነገር ግን በመዝገቡ ውስጥ በራሳችን እጅ የተጻፈ ዕዳም አለ። ሸክላ ሠሪውንና ቆዳ ፋቂውን ከማዕዳችን ያራቅነው፣ መሬት የነፈግነው፣ ልጃችንን አንድርለትም ያልነው እኛው ነን፤ ማንም ነጋሪት ጎስሞ አላዘዘንም። እንሰቱን የምትተክለው፣ የምትፍቀው፣ ቆጮውን የምታበስለው ሴት የአባቷን መሬት እንዳትወርስ የከለከለውም የራሳችን ልማድ ነው። ከላይ የወረደብንን በደል እየቆጠርን ወደ ታች ያወረድነውን ብንሸሽግ ታሪክ አልጠየቅንም፤ ጠበቃ ገዛን እንጂ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ወጣቶቻችን መልሱን ለራሳቸው ሰጥተዋል፤ ደቡብ አፍሪካ። ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ የሐዲያና የከምባታ ልጆች በሞያሌ አድርገው በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ ሲጓዙ ኖረዋል። የላኩት ገንዘብ ቤት ሠርቷል፣ ሱቅ ከፍቷል፣ ታናናሾችን አስተምሯል፤ ይህን የሚክድ ዕውር ነው። ሆኖም መጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ በተባለ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ወንዶች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ያን ሰሞን በየመንደሩ ስልክ እጁ ላይ ይዞ ያላደረ ወላጅ ጥቂት ነው። እኔም በመስኮቴ በኩል፣ ጠዋት ከውጭ የገባ ገንዘብ ከሰዓት በኋላ ለሌላ ወንድም መንገድ ሲወጣ አያለሁ። አንዱ ልጅ የላከው ሁለተኛውን ልጅ ይልካል። ገንዘቡ በእኛ ምድር ላይ ሳያድር ያልፋል።

የእኔ አሳብ ግን ከእግራችን ሥር ካለው ነገር ይነሣል፤ ከዕድር። ሦስት ሰዎች፣ ሊቀ መንበሩ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ፣ አብረው ለፊርማ ወደ ባንክ ሲገቡ ሳይነግሩኝ አውቃለሁ፤ ሰው ሞቷል። በቀሩት ቀናት ያ ገንዘብ ተኝቷል። በሕይወት ሳለ ለመድኃኒት ያልተዋጣለት ሰው፣ በሞተ ማግስት ድንኳን ይተከልለታል፣ ንፍሮ ይቀቀልለታል። ዕድራችን ለሬሳ ቸር፣ ለሕያው ንፉግ ሆኗል።

ባለፈው ዓመት በዕድሬ ስብሰባ ላይ፣ ከወርኃዊ መዋጮው ከአሥር አንዱ በተለየ ሒሳብ ተቀምጦ ለሦስት ነገር ይዋል ብዬ አሳብ አቀረብሁ፦ አቅም ለሌለው አባል የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ክፍያ፣ ለሙት ልጅ ደብተርና ዩኒፎርም፣ ከበሽታ ነጻ ለሆነ የእንሰት ችግኝ። በድምፅ ተሸነፍሁ። የተቃወሙኝ አዛውንት ያቀረቡት ምክንያት ግን የሚናቅ አልነበረም። ዕድር ስንት መንግሥት ሲያልፍ የቆመው ሥራው አንድ ስለሆነ ነው፤ ሞትን ማንም አያጭበረብረውም፣ ችግርን ግን ሁሉም ሊያወራው ይችላል፤ ብድርና እርዳታ የገባበት ማኅበር በሐሜት ይፈርሳል አሉ። እውነት አላቸው። መልሴም ይህ ነው፦ የቀብሩ ገንዘብ አይነካ፤ የሕያዋኑ ሒሳብ ለብቻው ይከፈት፤ ክፍያውም ለሰው እጅ ሳይሆን በቀጥታ ለመድኑ፣ ለመጻሕፍት ሻጩ፣ ለችግኝ ጣቢያው ይሁን፤ ዝርዝሩም በየወሩ በጉባኤ ይነበብ። ሐሜት የሚያድገው በተዘጋ መዝገብ ውስጥ ነው።

ለዚህ ልምድ አዲስ አይደለንም። እናቶቻችን በዊጆ ቅቤ አጠራቅመው በየተራ ሲወስዱ ኖረዋል፤ ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ማኅተም። አባቶቻችን ለመስቀል በሬ ዓመቱን ሙሉ ይቆጥባሉ። ለአንድ ቀን ሥጋ ዓመት የሚቆጥብ ሕዝብ መቆጠብ አያውቅም የሚለኝ ሰው አላምነውም። የጎደለው ቁጠባው የሚያርፍበት ዓላማ ነው።

ማኅበረሰብ የገዛ ልማዱን ሊለውጥ አይችልም ለሚልም በጎረቤታችን በከምባታ ምስክር አለ። ቦጋለች ገብሬ ከእህታቸው ከፍቅርተ ጋር በ1989 ዓ.ም. «ከምባቲ መንቲ ጌዚማ»ን ሲመሠርቱ ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ሊናገሩ መጥተው ነበር። ሰዉ ግን በቅድሚያ የጠየቃቸው ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴው ወደ ገበያ የሚሻገርበትን ድልድይ ነበር። ድልድዩ ተሠራ። ከዚያ በኋላ አዛውንትና ወጣት፣ ወንድና ሴት በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው መነጋገር ጀመሩ፤ ማንም አይነካውም የተባለው ልማድም በዚያ ንግግር ተሸነፈ። ቦጋለች በጥቅምት 2012 ዓ.ም. አረፉ። ትተውልን የሄዱት ትምህርት ግልጽ ነው፤ የሰውን ችግር ከእርሱ አፍ ስማ፣ መጀመሪያ የጠየቀውን ሥራለት፣ ከዚያ ልማዱን ጠይቀው።

ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና መቀመጫው ሆናለች። ቢሮው ቀርቦናል፤ የምንጠይቀውም አለን፤ ብድር፣ መንገድ፣ የእንሰት ምርምር። የታሪክ ዕዳ የመንግሥትም ዕዳ ነውና መጠየቁን አንተው። ነገር ግን የተደራጀ ሲጠይቅና የተበተነ ሲለምን አንድ አይደለም። ሸክላ ሠሪውን በእኩል አባልነት የተቀበለ፣ ለመበለቲቱ ሙሉ ድምፅ የሰጠ፣ መዝገቡን በአደባባይ የሚያነብ ዕድር ወደ ወረዳ ሲሄድ የሚናገረው በሌላ ድምፅ ነው።

በመጪው ጉባኤ አሳቤን ደግሜ አቀርባለሁ፤ በዚህ ጊዜ የአዛውንቱን ማስጠንቀቂያ በመተዳደሪያ ደንቡ ረቂቅ ውስጥ አንቀጽ አድርጌ። እናንተም በየዕድራችሁ ሞክሩት፤ የተሻለ መንገድ ያገኘ ይጻፍልን። ግጥም የሚሞክር የባንክ ሠራተኛ ስንኝ ሳያኖር አይሰናበትምና ይህችን ለረቂቁ መግቢያ ጽፌያታለሁ፤ ጉባኤው ቢሰርዛትም አልቀየምም፦

አባቴ ያልበላው ዕዳ ቢደርሰኝም፣
ለልጄ እንዳወርሰው እኔ ግን አልፈርምም።

ሞርሲቶ