ድህነቱ የቃል ነው ወይስ የጆሮ?

«አማርኛ ለቅኔና ለተረት እንጂ ለመሣሪያና ለሙያ አይሆንም» የሚል አባባል ከተማረው ወገን አፍ ሲወጣ መስማት ከጀመርን ውሎ አድሯል። አባባሉ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይሰማል፤ በስብሰባ አዳራሽ ይሰማል፤ ይባስ ብሎም በብዕራችን እንኖራለን በምንለው በእኛው በጸሐፊዎች ዘንድ ይሰማል። ክሱ ባጭሩ ሲቀመጥ እንዲህ ነው፦ እንግሊዝኛ ለእያንዳንዱ ዕቃና ለእያንዳንዱ ድርጊት የተለየና የጠራ ስም አለው፤ አማርኛ ግን አንዱን ቃል አሥር ቦታ ስለሚያሠራው ደሃ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ክሱ በሁለቱም እግሩ ሐሰት ላይ የቆመ መሆኑን ማሳየት ነው። ደሃ የሆነው ቃላችን አይደለም፤ የሠራተኛውን ቃል ለመስማት ያልፈቀደው ጆሯችን ነው።

በመጀመሪያ ከእንግሊዝኛው እንነሣ። ‹ስፕሪንግ› ማለት ‹ጸደይ› ነው ተብለን በደብተራችን ጻፍን። ቃሉ ግን ወቅቱን ብቻ ሳይሆን ከመሬት የሚፈልቀውን ምንጭ፣ ዘሎ መነሣትን፣ በመኪና ሆድ ውስጥ የተጠቀለለውን ብረትም ይጠራል። ‹ክሬን› አንገተ ረጅሟ ወፍ ናት፤ እንደ እርሷ አንገቱን ዘርግቶ ከባድ ሸክም የሚያነሣው መኪናም ያው ክሬን ነው። ‹ኔይል› የጣት ጥፍርም የአናጢ ምስማርም ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. በታተመው በትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም ከሁሉ የረዘመውን ቦታ የያዘው ‹ሴት› ተብሎ የሚነበበው ግስ ነበር። የእኛን ‹ሴት› እንዳይመስላችሁ፤ ማስቀመጥና ማደላደል ማለት ነው። ይህ ትንሽ ግስ ከ400 በላይ ፍች ተቆጥሮለታል። ወጥመድ ይጠመድበታል፤ ማዕድ ይዘረጋበታል፤ ቀጠሮ ይቆረጥበታል፤ የወለቀ አጥንት ይመለስበታል፤ ፀሐይም ትጠልቅበታለች። እንግዲህ ባንድ ቃል ብዙ ማለት ድህነት ከሆነ፣ ከዓለም ቋንቋዎች ሁሉ ቀድሞ አኩፋዳ ሊያነግት የሚገባው እንግሊዝኛ ነው።

ይህን አለማወቃችን የሚያስከትለውን ጉዳት በዓይኔ አይቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ የገበሬ ልጅ ‹ድሮው› ማለት ‹ሣለ› ነው ተብሎ የተሰጠውን ፍች በቃሉ አጥንቶ ነበር። በፈተናው ላይ ያ ግስ ከጉድጓድና ከውኃ ጋር መጣበት። ልጁም ታማኝ ሆኖ «ልጅቱ ከጉድጓድ ውኃ ሣለች» ሲል ተረጎመው። ክፍሉ ሳቀ፤ መምህሩም ሳቀ፤ በልጁ ወረቀት ላይም ቀይ መስመር ተሰመረበት። የግሱ ሥር ‹መሳብ› መሆኑን ግን ማንም አልነገረውም። ሥዕልም በዚያ ግስ የተጠራው እርሳስ በወረቀት ላይ ስለሚሳብ ነው፤ የጠረጴዛ መሳቢያም ከዚሁ ግስ ስሙን ያገኘው ስለሚሳብ ነው። ልጁ ከቤቱ ደጃፍ በየቀኑ ውኃ ሲስብ ያደገ ነው። ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢሰማ ኖሮ አራቱን ፍች ባንድ ቀን በያዘ ነበር። የተሳቀበት ልጅ ስሕተት አልሠራም፤ ስሕተቱ ቃልን እንደ ጨው አሞሌ አንድ ባንድ የለወጠለት ትምህርት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ እንዲሆን ስለደነገገ፣ ይህ ልጅ ፊዚክሱንም ኬሚስትሪውንም የሚማረው በዚሁ በአሞሌ ልውውጥ በተማረው ቋንቋ ነው።

አሁን ወደ ገዛ ቋንቋችን እንመለስና በብቸናና በሞጣ ገጠር ከጥማዱ ኋላ እንቁም። በመጀመሪያ፣ ልዩ ስም ለሚያስፈልገው ዕቃ ገበሬው ልዩ ስም አልነፈገም። ማረሻ፣ ሞፈር፣ ቀንበር፣ ድግር፣ ወገል፣ እርፍ፣ ምራን እያለ የእያንዳንዱን አካል ስም ለይቶ ይጠራል። «አማርኛ ለዕቃ ስም የለውም» የሚለው ሰው እነዚህን ሰባቱን ባንድ ሞፈር ላይ ጠቁሞ ያሳየን።

ቀጥሎም ‹ጠመደ› የሚለውን ግስ እንመልከት። ገበሬው በሬዎቹን ይጠምዳል። ሁለቱ በሬዎች ባንድነት ጥማድ ይባላሉ። ጥማዱ ባንድ ቀን የሚያርሰው መሬትም እንዲሁ ጥማድ ይባላል፤ ወደ ሩብ ሄክታር ይገመታል። አዳኙ ወጥመድ ይጠምዳል። ወታደሩ መትረየስ ይጠምዳል፤ ፈንጂም ይጠምዳል። ቂመኛ ባላጋራውን ጠምዶ ይይዛል። ትጉህ ሰው በሥራ ይጠመዳል። መሣሪያ፣ የቦታ ስፋት፣ ጦርነት፣ ጥላቻና ትጋት ባንድ ግስ ተጠምደው ይሄዳሉ። ይህ መደባለቅ ነውን? አይደለም። በሁሉም ውስጥ አስሮና አደላድሎ ለሥራ ማዘጋጀት የሚል አንድ አሳብ ይመላለሳል። የሠራተኛው ሕዝብ አእምሮ አንድን ድርጊት በደንብ ካወቀው በኋላ፣ በእርሱ መነጽርነት ሌላውን ዓለም ሲመረምርበት የሚገኘው ውጤት ይህ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ በሌላ ቦታ ፍልስፍና እንለዋለን።

ምሳሌው አንድ ብቻ አይደለም። ‹አረመ› የጤፍ ማሳ ግስ ነው። የብቸና ገበሬ ከነቤተ ሰቡ ጎንበስ ብሎ ከጤፉ መካከል አረሙን ይነቅላል። ያው ግስ ተነሥቶ ማተሚያ ቤት ገባና የፊደል ግድፈት ነቃይ ሆነ፤ ክፍል ገባና የመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ሆነ፤ ፍርድ ቤት ደረሰና ወኅኒውን ማረሚያ ቤት አሰኘው። ‹ነደፈ› ንብ የምትሠራው ሥራ ነው፤ ጥጥ ነዳፊዋ በደጋኗ የምትሠራውም ነው፤ ዛሬ ደግሞ መሐንዲሱ ሕንፃ ይነድፋል፤ ቢሮውም ዕቅድ ይነድፋል። ‹ወቀረ› የለዘበ ወፍጮን እየጠረቡ ሻካራ ማድረግ ነው፤ ከአንድ ዐለት የተፈለፈሉትን የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ውቅር ያልናቸው በዚሁ ግስ ነው፤ የኮምፒዩተር ባለሙያዎችም የመሣሪያቸውን አሰካክ ‹ውቅር› ብለው ጠርተውታል። የሸማኔው ‹ድር› የሸረሪት ቤት ከሆነ ዘመን የለውም፤ በዘመናችን ደግሞ ‹ድረ ገጽ› ሆኖ ዓለምን አዳርሷል። አማርኛ ለአዲስ ነገር አይበቃም የሚሉት ወንድሞች ይህንኑ አባባላቸውን በድረ ገጽ ሲያሰራጩ በሸማኔው ድር ላይ መቀመጣቸውን ልብ አላሉትም።

የአማርኛ ጥራት የሚገኘውም ባላሰቡት ቦታ ነው። ‹ቆረጠ› ግንድ ይቆርጣል፤ ቀን ይቆርጣል፤ ዋጋ ይቆርጣል፤ ትኬት ይቆርጣል፤ ተስፋም ይቆርጣል። «ደመወዝ ቆረጠለት» ሲባል ግን ሠራተኛው ይደሰታል፤ «ደመወዝ ቆረጠበት» ሲባል ያዝናል። ልዩነቱ ‹ለት› እና ‹በት› ብቻ ነው። ‹ፈረደለት› እና ‹ፈረደበት› እንደዚሁ ናቸው። ድርጊቱ ማንን እንደጠቀመና ማንን እንደጎዳ በግሱ ጭራ ላይ የሚያስር ቋንቋ የጠራ አይደለም የሚባለው በምን ሚዛን ተመዝኖ ነው? የአንድ ባንድ የቃላት ዝርዝር ይህን ጭራ ቆርጦ ይጥለዋል፤ ከጣለም በኋላ ቋንቋው ጭራ የለውም ብሎ ይከሰዋል።

በዚህ ላይ ሊለይ የሚገባው አንድ ነገር አለ። ብዙ ፍች የያዘ ቃል ሁሉ ከአንድ ሥር የበቀለ አይደለም። ሠዓሊው ይሥላል፤ ባለ ቢላዋው ይስላል፤ ጉንፋን የያዘውም ይስላል። እነዚህ በግእዝ ሠዐለ፣ ሰሐለ፣ ሰዐለ ተብለው የተለያዩ ሦስት ቃላት ነበሩ፤ በአማርኛ የጉሮሮ ድምፆች ስለጠፉ ሦስቱ ባንድ መንገድ ላይ ተገናኙ። ጋራዥ ውስጥ ‹ሞላ› የምንለው ጥቅል ብረትም ከጣሊያንኛ የመጣ እንግዳ እንጂ የማድጋው ‹ሞላ› ዘመድ አይደለም። ‹ጠመደ› ቅርንጫፍ ያበዛ አንድ ዛፍ ነው፤ ‹ሳለ› ግን ቅጠላቸው የሚመሳሰል ሦስት ዛፎች ናቸው። ይህን ለይቶ ማስተማር የቋንቋ መምህር ተቀዳሚ ሥራ ነው፤ ለይቶ ያስተማረ መምህር በእንግሊዝኛውም በአማርኛውም ተማሪውን ከመሸምደድ ያድነዋል።

የቃል ፍች የሰዋስው ሊቃውንት ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ የ1960 ዓ.ም. ጎጃምን ያስታውስ። በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። በሹሙ መዝገብ ‹ግምት› ማለት የሰብሉን መጠን አይቶ ግብሩን መወሰን ነበር። በሞጣ፣ በብቸናና በዳሞት ገበሬ ዘንድ ግን ገማች መጣ ማለት ቃላድ ሊከተል ነው ማለት ነበር። ቃላድ በመሠረቱ መሬት የሚለካበት ጠፍር ነው። በደቡብ ጠፍሩ በተዘረጋበት ሁሉ መሬቱ በጋሻ እየተለካ ለመንግሥትና ለሹማምንት ስለተከፋፈለ፣ ቃሉ ከመሣሪያ ስምነት አልፎ የመሬት ይዞታ ስም ሆነ፤ ለጎጃም ባለ ርስት ደግሞ የርስት መነቀል ማስፈራሪያ ሆነ። ገበሬው ነፍጥ አነሣ፤ መንግሥት ጦር አዘመተ፤ አውሮፕላንም ላከ፤ በመጨረሻው ውዝፉን ግብር ለመማር ተገደደ። የአመፁ መንስኤ ቃል ብቻ ነበር አልልም፤ የሹማምንቱ በደል ብቻውን ይበቃ ነበር። ነገር ግን ገዥው አንድ ጠፍር ባየበት ቦታ ተገዢው የልጅ ልጁን ዕጣ አይቶ ነበር። የሕዝብን የቃል ፍች ሳይማር ሕዝብን ላስተዳድር የሚል ባለ ሥልጣን፣ በዘመኑ ሁሉ በእንዲህ ያለ ገደል አፋፍ ላይ ይራመዳል።

ወደ ኪነ ጥበባችን ስንመጣ ዕዳችን የባሰ ነው። የጎጃም ቅኔ ቤቶች፣ በብቸና በኩል ያለውን ዲማ ጊዮርጊስን ጨምሮ፣ ከፍተኛውን የሥነ ጽሑፍ ትምህርታቸውን ‹ሰምና ወርቅ› ይሉታል። ስሙ የተገኘው ከአንጥረኛው ምድጃ ነው። አንጥረኛው የፈለገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ሰሙ በለቀቀውም ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። አንዱ ቃል ሁለቱንም ፍች ተሸክሞ ሲገኝ ደግሞ ‹ኅብር› ይባላል። እንግዲህ ዛሬ ድህነት ነው የምንለውን የአንድን ቃል ብዙ ፍች ሊቃውንቱ የጥበብ ጫፍ አድርገውት ኖረዋል። ሆኖም ምሳሌውን ከአንጥረኛው የወሰደው ኅብረተ ሰብ አንጥረኛውን ራሱን ቡዳ እያለ ሸሸው። ‹ጠቢብ› የሚለው የክብር ቃል በእርሱ ላይ ሲደርስ ‹ጠይብ› ሆኖ ስድብ ሆነ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር። አዋጁ ስድቡን ሊያሳንስ ይችል ይሆናል፤ የባለ እጁን ቃል ግን ወደ መማሪያ መጽሐፍ አላስገባውም። ዛሬም ‹አማርኛ የመሣሪያ ቃል የለውም› ስንል የዚያን ንቀት የልጅ ልጅ እያሳደግን ነው።

«በሕክምናና በምሕንድስና አሻሚ ቃል ሰው ይገድላል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተቃውሞው ክብደት አለው። መልሱ ግን በእያንዳንዱ ሙያ ውስጥ የቃሉን ፍች መወሰን እንጂ ቃሉን መጣል አይደለም። እንግሊዛዊው መካኒክ ‹ስፕሪንግ አምጣ› ሲል ረዳቱ የምንጭ ውኃ ቀድቶ አይመጣለትም፤ ሙያው ፍቹን ወስኖለታል። መዋስም ነውር አይደለም፤ ብሎንና ፒንሳ፣ ካቻቢቴና ባሌስትራ በመካኒኮቻችን እጅ ገብተው አማርኛ ሆነዋል። ከግእዝ መዋስም ኃጢአት የለበትም። ኃጢአቱ ከደጃችን ያለውን ሳይጠይቁ ሩቅ አገር መሄድ ነው።

ሥራው ከባዶ አይጀመርም። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ትተውልን አልፈዋል። የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ ስሙና አወቃቀሩ በየጊዜው እየተለዋወጠ፣ በ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት፣ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አውጥቷል። የቀረው ሥራ የእኛ ነው። በብቸናና በሞጣ የሚገኝ እያንዳንዱ የቋንቋ መምህር ለክረምቱ ዕረፍት ለተማሪዎቹ አንድ ሥራ ይስጥ፦ ከአባትህ ሞፈር፣ ከእናትህ እንዝርት፣ ከጎረቤትህ ወናፍ አንድ አንድ ቃል ይዘህ ና። ቃሉን ብቻ ሳይሆን የተነገረበትን ዓረፍተ ነገር ጻፍ፤ ፍቹን ሁሉ ቁጠር፤ ‹ለት› እና ‹በት› ሲገባበት ምን እንደሚሆን ጠይቅ። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝኛውን አቻ ከነፍቾቹ ሁሉ አጠገቡ አኑር። የባህል ሠራተኞችም የተሰበሰበውን ያደራጁ፤ ተውኔት ጸሐፊዎች በመድረክ ላይ ያናግሩት፤ ካድሬውም መመሪያ ከመጻፉ በፊት ያንብበው።

ትራክተር ሞፈርን በተካበት ማሳ ሁሉ ወገልና ድግር የሚሉት ቃላት ከዕቃው ጋር ወደ ሣጥራ ሥር ይገባሉ። በሬ ጠምዶ ያላደገ ልጅ ‹ጠመደ› የሚለውን ቃል ከፈንጂና ከቂም ጋር ብቻ ሊያውቀው ነው። ይህ እንዳይሆን የሚጠይቀን ገንዘብ አይደለም፤ ብርቅ መሣሪያም አይደለም። በገበያ ቀን ከቀጥቃጩ ምድጃ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ አፍን ዘግቶ፣ ጆሮን ከፍቶ መዋልን ብቻ ነው።