የዳኛው ጡረታ በማን እጅ ነው?

አንድ የቧንቧ ውሃ ነዋሪ የቦታ ክርክር ይዞ ደሴ ፍርድ ቤት ሲቆም ባላጋራው መንግሥት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ነገውን የማይፈራ ዳኛ ነው።

ሕገ መንግሥቱ አስቦበታል። አንቀጽ 79 ዳኛ ከጡረታ ዕድሜው በፊት ያለ ዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ውሳኔና ያለ ምክር ቤት ድምፅ እንዳይነሳ፣ ዕድሜው ሲደርስም ጊዜው እንዳይራዘም ይደነግጋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፖላንድ እ.ኤ.አ. በ2018 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞቿን የጡረታ ዕድሜ ከ70 ወደ 65 አውርዳ፣ ማን እንደሚቆይ የመወሰኑን ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ ሰጠች። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2019 ሕግ መጣስ ነው ብሎ ወሰነ።

እኛ ጋ ክፍት የቀረው በር ገንዘቡ ነው። የአማራ ክልል ዳኛን የሚሾመው የክልሉ ምክር ቤት ነው። ጡረታው ግን እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ ከመንግሥት 11 በመቶ እየተዋጣ በፌዴራሉ አስፈፃሚ ሥር ባለ ተቋም ይተዳደራል።

«መምህሩስ ያው አይደል?» ትሉ ይሆናል። መዋጮው ያው ነው፤ መምህሩ ግን በመንግሥት ላይ አይፈርድም።

ለዳኞች ብቻ ፈንድ ይቋቋም አልልም፤ ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ አያዛልቅም። ስለ ፈንዱ በሚወስነው ቦርድ ግን ዳኞች ራሳቸው የመረጡት አንድ ሰው ይቀመጥ። እሱም ጡረታ የወጣ ዳኛ ይሁን፤ በሥራ ላይ ያለው ነገ የጡረታ ክርክር ሊቀርብለት ይችላልና። ሹመቱን ምክር ቤት ያጽድቀው፤ የሥራ ዘመኑም በሕግ ይወሰን፤ ሚኒስትር በደብዳቤ አያንሳው።

ዳኛው ጡረታውን ሳያሰላ ሲፈርድ የሚጠቀመው ባለጉዳዩ ነው።